የአይጧ ነርቭ ስለ እኛ ሕመም ምን ያህል ይነግረናል?

ቋጠሮ_ፈቺ

ሰላም ለሁላችሁም። ላለፉት ሦስት ዓመታት በአይጥ ስሜት ተቀባይ ነርቮች ላይ ስሠራ ቆይቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው የተወሰደ የነርቭ ቋጠሮ ስስ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ከአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ፣ ነርቭ ወደ ህብለ ሰረሰር ሊገባ ሲል ጥቂት አበጥ የሚልበት ቦታ አለ። እኛ ቋጠሮ እንለዋለን። ንክኪን፣ ሙቀትን፣ ቅዝቃዜን፣ ማሳከክንና ሕመምን የሚነግሩን ሕዋሳት አካላቸው የተቀመጠው እዚያ ነው። ከእያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ክር ይወጣና ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ቅርንጫፍ እስከ ቆዳ ይዘልቃል፣ ሌላው ወደ ህብለ ሰረሰር ይገባል። የእግር ጣታችሁን የሚጠብቀው ሕዋስ እንግዲህ ያለው ወገባችሁ አጠገብ ነው። በአዋቂ ሰው ክሩ አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በአይጥ ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

አሁን ወዳየሁት ልምጣ። የአይጥ ቋጠሮ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በመቆንጠጫ የማነሣው ትንፋሼን ይዤ ነው። የሰው የታችኛው ጀርባ ቋጠሮ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም በጣት ይያዛል። በአይጥ ሕመም ነጋሪ የሆኑት ትንንሾቹ ሕዋሳት አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ማይክሮሜትር በታች ናቸው፤ የሰው አቻዎቻቸው ወደ 50 ይጠጋሉ። በአይጥ ቋጠሮ ውስጥ ሕዋሳቱ ገበያ እንደ ወጣ ሕዝብ ተጨናንቀው ይታያሉ። በሰው ግን ተራርቀው፣ እያንዳንዱ በአጃቢ ሕዋሳት ቀለበት ተከብቦ፣ ለብቻው እንደ ተቀመጠ ሽማግሌ ናቸው።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ብርሃኑ ነው። ማቅለሚያ ያልነካውን ቁራጭ በፍሎረሰንስ መብራት ሳየው ሕዋሳቱ በራሳቸው አበሩ። ሊፖፈስሲን የሚባል ቢጫ ቡናማ የዕድሜ ዝቃጭ በሕዋሱ ውስጥ ዓመት በዓመት ይጠራቀማል፤ የሚያበራው እሱ ነው። እኔ የምሠራባቸው አይጦች የሁለትና የሦስት ወር ዕድሜ ስላላቸው ይህን ያህል ዝቃጭ አይቼባቸው አላውቅም። ፊቴ ላይ የነበረው ግን ለአሥርተ ዓመታት የኖረ፣ የተሸከመ፣ ብዙ ያየ ሕዋስ ነበር።

ጥያቄዬ ይኸው፦ በመጽሐፍ የተማርነው አብዛኛው የሕመም ነርቭ ዕውቀት ከአይጥ የመጣ ነው። ከዚህ ውስጥ የሰው የሆነው የቱ ነው?

እሳት_በእግሬ

ልጄ፣ ሳይንሱን አላውቅም፤ ሕመሙን ግን አውቀዋለሁ። ስኳር ከያዘኝ 19 ዓመት አልፎኛል። ሌሊት አንሶላው እግሬን ሲነካው ፍም እንደ ረገጥሁ ያህል ነው። ቀን ደግሞ ያው እግር ይደነዝዝና ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቶ እያቆሰለኝ እንኳ አላውቅም። አንድ እግር እንዴት ሁለቱንም ይሆናል?

በየጊዜው «ለነርቭ ሕመም አዲስ መድኃኒት ተገኘ» የሚል ዜና አነባለሁ። ደስ ይለኛል። ከዚያ ወደ ታች ስወርድ «በአይጦች ላይ» ይላል። ከዚያ በኋላ ስለዚያ መድኃኒት የሚያወራ ሰው አላገኝም። የት ነው የሚሄዱት?

ሐኪመ_ሌሊት

እናቴ፣ ጥያቄዎ እኔንም ለዓመታት ያስጨነቀኝ ነው። ማደንዘዣ ሐኪም ነኝ፤ ሥራዬ ሁሉ ሕመምን ማስታገስ ነው። የት እንደሚሄዱ አንዱን ታሪክ ልንገርዎ።

እ.ኤ.አ. በ1931 ተመራማሪዎች ሰብስታንስ ፒ የተባለ ንጥረ ነገር አገኙ። በኋላ ሕመም ነጋሪ ነርቮች ወደ ህብለ ሰረሰር መልእክት ሲያስተላልፉ እንደሚለቁት ታወቀ። ንጥረ ነገሩ የሚያርፍበትን ተቀባይ የሚዘጉ መድኃኒቶች ተሠሩ፤ በእንስሳት ላይ ሕመምን የሚቀንሱ መስለው ታዩ። ብዙ ኩባንያዎች ተረባረቡ። በሰው ላይ ሲሞከሩ ግን በአንዱ የሕመም ዓይነት፣ በሌላውም፣ በሦስተኛውም የተጠበቀውን ውጤት አላመጡም። ከነዚያ መድኃኒቶች አንዱ አፕረፒታንት በ2003 ተፈቀደ፤ የተፈቀደው ግን ለሕመም ሳይሆን የካንሰር መድኃኒት ለሚያስከትለው ማቅለሽለሽና ማስመለስ ነው። ለዚያ በእርግጥ ይሠራል፤ እኔም አዝዘዋለሁ። ለሕመም ተብሎ የተፈለገው በር ግን በሰው ላይ ያ በር አልነበረም።

ስለ እግርዎ፦ ሁለቱም ስሜት ከአንድ ጉዳት ይመጣል። ክሩ ከጫፉ ጀምሮ ሲሞት ቆዳው መልእክተኛ ያጣል፤ ድንዛዜው ያ ነው። የተጎዱትና የተረፉት ነርቮች ደግሞ ሳይነኩ በራሳቸው ይተኩሳሉ፤ ቃጠሎው ያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከእግር የሚጀምረውም ረጅሙ ክር እዚያ ስለሚያልቅ ነው። ሰው በቁመቱ ልክ የሚከፍለው ዕዳ አለበት፤ አይጥ ይህን ያህል የለባትም።

የሥነ_ሕይወት_መምህር

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የማነሣው ምሳሌ አለ። እንቅፋት ሲመታን መጀመሪያ እንደ ስለት የሚወጋ ሕመም ይሰማናል፤ ለአፍታ ጋብ ይልና ከዚያ ያ የሚያቃጥለው፣ ጥርስ የሚያስነክሰው ይመጣል። በአይጥስ እንዲህ ነው?

ቋጠሮ_ፈቺ

መምህር፣ ይህን ምሳሌ ስላነሡ አመሰግናለሁ፤ ርዝመት ማለት ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ያሳያል። የመጀመሪያውን ሕመም የሚያመጣው ስስ የማይሊን ሽፋን (ክሩን የሚጠቀልል ስብ) ያለው ክር በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይጓዛል። ሁለተኛው፣ ሽፋን የሌለው፣ በሰከንድ አንድ ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከእግር ጣት እስከ ወገብ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ያቺ የአፍታ ጋብታ የመንገዱ ርዝመት ናት። አይጥም ሁለቱም ዓይነት ክር አላት፤ መንገዷ አጭር ስለሆነ ግን ዘገምተኛው መልእክት እንኳ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል።

የኬሚካሉ ልዩነት ግን ከርዝመቱም ይበልጣል። በአይጥ ሕመም ነጋሪዎችን በሁለት ጎራ ከፍለን ነው የተማርነው፦ ሰብስታንስ ፒንና ሲጂአርፒ የሚባለውን ፕሮቲን የሚያመነጩ በአንድ በኩል፣ እነዚህን የማያመነጩ በሌላ በኩል። ለሁለተኛው ጎራ አይቢ4 የሚባል ማቅለሚያ አለን፤ በአይጥ ሕዋስ ላይ ሲፈስ ጎራውን ለይቶ ያቀልመዋል። እኔ ራሴ ስንት መቶ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። በሰው ሕዋስ ላይ ግን አይይዝም። የችግሩ ምንጭ ማቅለሚያው ብቻ አይደለም፤ ክፍፍሉ ራሱ በሰው እንደዚያ አልተሰመረም። በአይጥ በተለያየ ጎራ ያየናቸው ምልክቶች በሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ ሕዋስ ውስጥ አብረው ይገኛሉ። ስለዚህ በአይጥ አንዱን ጎራ ለይቶ ዝም የሚያሰኝ መድኃኒት በሰው ማንን እንደሚያገኝ አስቀድሞ መናገር አይቻልም።

ቀጥታ_ጥያቄ

ይህን ሁሉ እያነበብሁ ነው፤ መደምደሚያው ግልጽ አይደለምን? ሕዋሱ በመጠን ይለያል፣ በኬሚካል ይለያል፣ መድኃኒቱ አይሠራም። እንግዲያው በየቀኑ እነዚያን ፍጥረታት ለምን እናሠቃያለን? ተመራማሪዎች የሚመቻቸውን እንጂ የሚጠቅመንን አልመረጡም።

የእንስሳት_ቤት_ሠራተኛ

ወንድሜ፣ ቁጣህን አልነቅፍም። ለ11 ዓመት አይጦችን የምንከባከበው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ምን እንደሚደረግ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርህ።

ለሕመም ምርምር ከሁሉ የተለመደው መለኪያ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቆየ ነው፤ ማክስ ቮን ፍራይ የተባለ ኦስትሪያ የተወለደ ሳይንቲስት የጀመረው። እሱ በፀጉር ይጠቀም ነበር፤ አሁን የናይለን ክር ነው። አይጧን በሽቦ ወንፊት ላይ እናስቀምጣታለን። መጀመሪያ ትደነግጣለች፤ ትሮጣለች፣ ታሸታለች። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ። ጢሟን ጠርጋ፣ ፊቷን ታጥባ ስትረጋጋ ከሥር በኩል ክሩን ወደ መዳፏ አስጠጋለሁ። ክሩ እስኪጎብጥ እጫነዋለሁ። እግሯን ካነሣች «አዎ»፣ ካላነሣች «የለም» ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ የሚቀጥለውን ክር።

ያ «አዎ» ታዲያ ምን ማለት ነው? አመማት ማለት ነው? ኮረኮራት? አሰለቻት? እሳት በእግሬ ያሉን እናታችን ሌሊት አንሶላው እንደ ፍም እንደሆነባቸው ነገሩን። አይጧ ይህን ልትነግረኝ አትችልም፤ እኔም አልጠየቅኋት። የለካሁት እግር ማንሣቷን ነው። መድኃኒት እግር ማንሣቷን ቢቀንስ ሕመሟን ቀነሰ ብለን እንጽፋለን። ብዙ ውድቀት እዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ፤ የሕዋሱ ልዩነት ከመምጣቱ በፊት።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ወንድ ተመራማሪ ክፍሉ ውስጥ ሲኖር፣ አልፎ ተርፎም የወንድ የለበሰው ካናቴራ አጠገባቸው ሲቀመጥ፣ አይጦች የሕመም ምልክት መቀነሳቸውን አሳየ። ሽታው ስለሚያስጨንቃቸው ነው። እኔ ወንድ ነኝ። ስንት ዓመት የመዘገብሁት ቁጥር ውስጥ የእኔ ሽታ አለበት ብዬ እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት አለ።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን «እንተዋቸው» አልልም። ለምን እንደሆነ እነ ቋጠሮ ፈቺ ያስረዱ፤ እኔ የምጠይቀው ባልተዘጋጀ ጥያቄ አንዲት እንኳ እንዳትሞት ነው።

ሐኪመ_ሌሊት

የእንስሳት ቤት ሠራተኛ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ቀጥታ ጥያቄ ላነሡት ሐሳብ መልስ የሚሆን አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ይህን ታሪክ የጀመሩት አይጦች ሳይሆኑ ሰዎች ናቸው።

በ2006 በሰሜን ፓኪስታን የሚኖሩ፣ ከልደታቸው ጀምሮ ሕመም የማያውቁ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ተጠኑ። ልጆቹ ንክኪና ሙቀት ይለያሉ፤ ሕመም ግን የለም። ምላሳቸውንና ከንፈራቸውን ነክሰው ቆርጠዋል፤ አጥንታቸው ተሰብሮ ሳያውቁት ቀርተዋል። የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ሆኖ ተገኘ፦ ናቭ 1.7 የሚባል የሶዲየም መተላለፊያ፣ ነርቭ እንዲተኩስ ደጃፉን የሚከፍት ፕሮቲን። ተቃራኒው ደግሞ አስቀድሞ በ2004 ታውቆ ነበር፤ ይኸው መተላለፊያ ከልክ በላይ ሲከፈት እጅና እግር እንደ እሳት የሚነድበት በሽታ ይመጣል።

አሁን ይህንኑ ዘረመል ከአይጥ ሙሉ በሙሉ አጥፉ። ግልገሏ ተወልዳ ብዙም ሳትቆይ ትሞታለች። ሰው ይኖራል፣ አይጧ ትሞታለች! አንድ ዓይነት ዘረመል፣ አንድ ዓይነት ጉድለት።

የሥነ_ሕይወት_መምህር

ዶክተር፣ ለምን እንደምትሞት ታውቋል?

ቋጠሮ_ፈቺ

ታውቋል፤ መልሱም ልብ ይነካል። ናቭ 1.7 ለማሽተት ነርቭም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 እነዚያ ሕመም የማያውቁ ሰዎች ሽታም እንደማያውቁ ተረጋገጠ። የሰው ልጅ ሳያሸት ይጠባል፤ እናቱ አንሥታ ጡቷን ታጎርሰዋለች። የአይጥ ግልገል ግን ጡት የምታገኘው አሽትታ ነው። ካላሸተተች ትራባለች። በኋላ ግልገሎቹን በእጃቸው እየመገቡ ያሳደጉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ያደጉት አይጦች እንደ ሰዎቹ ሕመም አልባ ሆኑ። ስለዚህ ቀጥታ ጥያቄ፣ ነርቩ በሁለቱም ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ የተለያየው በዙሪያው ያለው ሕይወት ነው። ላይ ላዩን ያየ ሰው «አይጥና ሰው አይመሳሰሉም» ብሎ ይሄድ ነበር።

ፒዬዞ 2ም ተመሳሳይ ነገር ያስተምራል። ይህን የንክኪ መተላለፊያ የአርደም ፓታፑቲያን ቤተ ሙከራ በ2010 አገኘው፤ በ2021 ከዴቪድ ጁሊየስ ጋር የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ሥራ አካል ነው። ፒዬዞ 2 ከመላ ሰውነቷ የጠፋባት አይጥ እንደ ተወለደች መተንፈስ አቅቷት ትሞታለች። በ2016 ግን ያለ እሱ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ተገለጹ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ይራመዳሉ፤ ዓይናቸው ሲሸፈን እግራቸው የት እንዳለ ስለማያውቁ ይወድቃሉ። መላ አካላቸውን በዓይናቸው ነው የሚመሩት። ይህን የምታህል ማካካሻ አንዲት አይጥ አላሳየችንም፤ ልታሳየንም አትችልም ነበር።

ቀጥታ_ጥያቄ

ስለ ግልገሏ የጻፍኸውን አላውቅም ነበር። አሁንም ጥያቄዬን አልተውሁም፤ ግን አጥብቤዋለሁ። ሰው ውስጥ ያለ፣ አይጥ ጨርሶ የሌላት ነገር ቢኖርስ? ያን ጊዜ ሺህ አይጥ ቢመረመር ምን ይገኛል?

ሐኪመ_ሌሊት

ምንም አይገኝም፤ ማሳከክ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። የጉበት ሕመም ኖሮባቸው ሐሞት የታገደባቸው ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲያኩ፣ ቆዳቸው እስኪደማ ሲያኩ አይቻለሁ። የሐሞት አሲድ በሰው ስሜት ተቀባይ ነርቭ ላይ ያለ አንድ ተቀባይ እንደሚቀሰቅስ በ2019 ታወቀ። ተቀባዩ ኤምአርጂ የሚባል ቤተሰብ አባል ነው። በአይጥ ይህ ቤተሰብ ከ20 በላይ አባላት አሉት፤ በሰው 8 ብቻ። የተዋለዱት ለየብቻ ስለሆነ ይህን የሰው ተቀባይ ወስደህ የአይጥ አቻው ይኸው ማለት አትችልም። የወባ መድኃኒቱ ክሎሮኪን የሚያመጣው ማሳከክም እንዲሁ ነው፤ በሁለቱም ያሳክካል፣ የሚያልፍበት ተቀባይ ግን የተለያየ ነው።

የእንስሳት_ቤት_ሠራተኛ

ስለ አይጦች ስናወራ ራቁቷን ፍልፈል አትርሷት። በምሥራቅ አፍሪካ ምድር ሥር በብዙ አሥሮች፣ አንዳንዴም በመቶዎች በሚቆጠር መንጋ የምትኖር ፀጉር አልባ ፍጥረት ናት። የሚጥሚጣ ማቃጠያ የሆነው ካፕሳይሲን ቆዳዋን አያቃጥላትም፤ አሲድም እንደዚሁ። በዘመድ ከሰው ይልቅ ለአይጥ ትቀርባለች፤ በነርቯ ግን ከሁለቱም ራቅ ትላለች። «የእንስሳት ነርቭ» ብሎ አንድ ነገር እንደሌለ የገባኝ ስለ እሷ ካነበብሁ ወዲህ ነው።

እሳት_በእግሬ

ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብሁ። ያልገባኝን የልጅ ልጄ አስረዳኝ። አሁን እኔን የሚመለከተውን ንገሩኝ። የሰውን ሕዋስ ጠይቆ የተሠራ መድኃኒት አለ?

ሐኪመ_ሌሊት

እናቴ፣ አለ፤ ሳላጋንን እነግርዎታለሁ።

አንደኛው ለማይግሬን ነው። ማይግሬን የያዛቸው ሰዎች ከአንገታቸው የደም ሥር ደም ተቀድቶ፣ ቅድም የተጠቀሰው ሲጂአርፒ በሕመሙ ሰዓት ከፍ ብሎ ተገኘ። ያ የታተመው በ1990 ነው። ሲጂአርፒን የሚከላከለው የመጀመሪያው መርፌ በ2018 ተፈቀደ። ሃያ ስምንት ዓመት ፈጅቷል፤ ግን ከታማሚ ሰው ተነሥቶ ወደ ታማሚ ሰው ተመለሰ።

ሁለተኛው ሱዜትሪጂን ነው፤ የናቭ 1.7 ዘመድ የሆነውን ናቭ 1.8ን ይዘጋል። ከሰው ቋጠሮ በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ ተሞክሯል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ጥር 2025 መጨረሻ ላይ ፈቀደው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባለው ሕመም ከባዶ ክኒን በልጦ ተገኝቷል፤ ኦፒዮይድ (የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻ) ካለበት የተለመደ ጥምር መድኃኒት ግን አልበለጠም። የተፈቀደው ለድንገተኛ ሕመም እንጂ እንደ እርስዎ ላለ የቆየ የነርቭ ሕመም አይደለም። «ነገ ይድናሉ» ብል ውሸታም እሆናለሁ። ነገር ግን በሥራዬ ዘመን ከኦፒዮይድ መንገድ የወጣ አዲስ የሕመም መድኃኒት ሲመጣ ማየቴ ራሱ ብርቅ ነው።

ቋጠሮ_ፈቺ

እኔ ደግሞ ስለ እርስዎ ሕመም የማውቀውን ልጨምር። ስኳር የነበረባቸው ለጋሾች ቋጠሮ ሲታይ አንድ ነገር በብዛት ይገኛል። ሕዋሱ ሞቶ ቦታው ባዶ ሆኗል፤ ከብበውት የነበሩት አጃቢዎቹ ግን ባዶውን ቦታ ሞልተው፣ ተጠጋግተው ይታያሉ። ዣን ናዦት የተባለ ፈረንሳዊ ከመቶ ዓመት በፊት ያየው ስለሆነ በስሙ ይጠራል። ለረጅም ጊዜ የስኳር የነርቭ ሕመም ክሩን ከጫፉ የሚበላ ነው ብቻ ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ የሰው ቋጠሮ ሲከፈት ግን ሕዋሱ ራሱም እየሞተ እንደሆነ ይታያል። ይህን በሦስት ወር አይጥ ላይ ፈልጌ አላገኘውም ነበር።

እሳት_በእግሬ

«ለጋሾች» ያልኸው ከሞቱ በኋላ ነው?

ቋጠሮ_ፈቺ

አዎ፣ እናቴ። ሰውየው አስቀድሞ ፈቅዶ ወይም ቤተሰቡ ፈቅዶ፣ ልብና ኩላሊት ለሌላ ሰው ሲሰጥ ቋጠሮውም አብሮ ይወሰዳል። በሰዓታት ውስጥ መሆን አለበት፤ ሕዋሱ ሕያው ሆኖ እንዲመረመር ከተፈለገ መዘግየት አይቻልም። አሠራሩ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

እሳት_በእግሬ

ዛሬ ልጆቼን ሰብስቤ ነገርኋቸው። ትልቋ አለቀሰች፤ ታናሽየው ዝም አለ፣ ከዚያ ወረቀቱ የት እንደሚሞላ እጠይቃለሁ አለ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ ልጄ፤ የእግሬ የትኞቹ ናቸው?

ቋጠሮ_ፈቺ

የወገብዎ አራተኛና አምስተኛ፣ እንዲሁም ከእነሱ በታች ያለው የመጀመሪያው የዳሌ ቋጠሮ፤ በግራም በቀኝም። ስድስት ናቸው።